ውሃ የሚያነሳ መልስ

ከደረጃው በታች፣ ከመዝገብ ቤት ጓዳ፣
ሃያ ዓመት ኖርኩኝ፣ ቁጥር ሳድል ለእንግዳ።

በጥቅምት ማለዳ፣ ከበሬ ላይ ቆማ፣
ውዳላት ሰጠችኝ ደብዳቤ በፊርማ፤
የቀበሌው ሰው ነው ድምፁን የሰጣት፣
ቧንቧው ደርቆበታል፤ ይህ ነው ያመጣት።
አንድ ገጽ ናት ባጭሩ፦ «ከአንገረብ ግድብ ሥር፣
ሦስት መቶ አባወራ ውሃ አጥቶ ሲኖር፣
ምክንያቱ ምንድን ነው? በጽሑፍ ይነገር።»
ቁጥሯን አራት መቶ አሥራ ሁለት አልኳት፣
ማኅተሜን እፍ ብዬ ከግርጌ አተምኩባት።

ደንቡ ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ታስሮ፣
«ለተመራጭ መልስ በአሥር ቀን» ይላል፤
ዝንብ አርፎበት ነበር፤ አንብቦት በሯል።

ሃያ ሁለት ደረጃ፣ አንድ ፎቅ ለመውጣት፣
አርባ ቀን ፈጀባት፤
የሟች ቢሆን ደረሰ ተዝካሩን ለማውጣት።
ከላይ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ታች፣
«ለሚመለከተው» እየተባለች፣
ዞራ ዞራ እኔው ጋ ተመለሰች።
አዲስ ቁጥር ሰጠኋት። ምን ላድርግ?

ውዳላት በየሰኞው ብቅ እያለች፣
«የሰርግ መልስ እንኳ በሦስተኛው ቀን ይጠራል፤
የዚህኛው ሙሽራ ጠፍቶ ይሆን?» ትላለች።
እኔም ኮርኒሱን በአገጬ እያሳየሁ፣
«በሂደት ላይ ነው» እላለሁ።
ማን እንደሚሄድ ግን እንጃ።

ክረምቱ ገባ፤ ቀሃ ሞልቶ ጎደለ፤
ምርጫ መጣ፤ በወንበሯ ሌላ ሰው ዋለ።

በዓመት ከሁለት ወሩ መልሱ ወረደልኝ።
«ለክብርት» ይላል ራስጌው፤ ከሥሩ ሁለት መስመር፦
ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው።
ወደፊት ሲጽፉልን ይህን ቁጥር ይጥቀሱ።

ለተላላኪ አልሰጠሁትም። ራሴ ይዤው ወጣሁ፤
ከፒያሳ ቁልቁል፣ ቅዳሜ ገበያን አቋርጬ፣
ከውሃ ቦቴው ሰልፍ መሀል አገኘኋት፣
ቢጫ ጀሪካን ይዛ፣ ክዳኑ የጠፋባት።

ቆማ አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየች።
ባዶ ነው።
«ይቅርታ» አልኳት፣ «ውሃ የማያነሳ መልስ ነው።»
ዝም አለች። ተራዋ ደርሶ ቀዳች።
ከዚያ ወረቀቱን በአራት፣ በስምንት አጠፈች፣
በፌስታል ጠቀለለች፣
በጀሪካኑ አፍ ወተፈች፣
አዘነበለችው፤ ጠብ አላለም።
«ይኸው» አለችኝ፣ አዝላው ዳገቱን እየጀመረች፣
«አነሳ።»

ተመልሼ መዝገቤን ገለጥኩ፤
ከአራት መቶ አሥራ ሁለት ትይዩ፣
«ውጤት» ከሚለው ዓምድ ሥር፣
ሃያ ሊትር ብዬ ጻፍኩ።