ስንት ሆነው መጡ?

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ እሑድ ከሰዓቱን
ዳንጊሶ ከሐይቁ ዳር ሲጠግን መረቡን፣
እኔ የሰዋስው ጡረተኛ አስተማሪ
ከዋርካው ሥር ሆኜ የሱ ተከራካሪ።
አባ ኮዳው እንኳ፣ ራሰ በራው ወፍ፣
ሰልችቶት ይነሣል፣ ጥሎ የዓሣ ትራፍ።

"አንድ ነው" ይለኛል፣ አንድ ጣት አንሥቶ፣
"እስራኤል ሆይ፣ ስማ"ን ከኦሪት አውጥቶ።
"አብ ቢሉት፣ ወልድ ቢሉት፣ መንፈስ ቅዱስ ቢሉ፣
ኢየሱስ ነው ስሙ፣ እሱ ነው በሙሉ።"

እኔ ደግሞ በተራዬ ዘፍጥረትን ገልጬ፣
"'እንፍጠር'ስ?" እለዋለሁ፣ መረቡ ጫፍ ተቀምጬ፤
"'በመልካችን' ሲል ማንን ነው ያማከረው?"
"ለመላእክት ነው" ይላል። "ታዲያ መልክህ የነሱ ነው?"

"ከመምሬ ዛፍ ሥር አብርሃም ሦስት አየ፤
ግን 'በፊትህ' አለ፣ በነጠላ ጸለየ።"
ይህን ጊዜ ይስቃል፣ የመረብ መርፌውን ነክሶ፣
"አየህ፣ በአፍህ 'አንድ' አልክ" ይለኛል መልሶ።

ወደ ታቦር ይጠቁማል፣ ወደኛው ኮረብታ
(ስሙ ነው እንጂ ታቦር፣ ሌላ ነው ያ ቦታ)፤
"ጴጥሮስ ሦስት ዳስ አለ፤ ኋላ ቀና ሲሉበት
ከኢየሱስ ብቻ በቀር ማን ነበረ የታየበት?"
"ከደመናው ውስጥስ፣ 'ልጄ' ያለው ማን ነው?"
ዝም ይላል። ቋጠሮ ያጠብቃል። ሐይቁም ዝም ነው።

አንድ ቀን ሐሴት፣ የልጁ ልጅ፣ ሁለተኛ ክፍል የገባች፣
"አባባ መጡ" ብዬ ብጽፍላት፣ እርሳሷን ነክሳ ጠየቀች፤
"'መጡ' ማለት ብዙ አይደል? ስንት ሆነው መጡ?"
"አንድ ናቸው" አልኳት።
ሁለት ሽማግሎች ባንድ ልብ ደነገጡ።

ቀድሞ የነቃው እሱ፤ "ይኸው! ለክብር ነው መብዛቱ!"
"ለክብር ቢሆንማ፣ ለምን አንለውም አንቱ?"
ለዕድር ዳኛው አንቱ፣ ለቀበሌው ጸሐፊ አንቱ፤
ሌሊት፣ ልጅ ሲያተኩሰን፣ ጣራ ጣራ እያየን ግን
አንተ ነው የምንለው፤
እሱም በሱ ቤት፣
እኔም በኔ።

በኅዳር ነው ያረፉት።
ልብ በሉ፣ ሲሞት በዛብኝ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት "አንተ" ያልኩት ሰው፣
"ሞተ" ልል አፌን ከፍቼ
አቃተኝ።
ሲቀብሯቸው ወገኖቻቸው "በስሙ" አሉ፣ ዘመሩ፤
ፍትሐት የለ፣ ጥላ የለ፣ መስቀል የለ።
ከኋላ ቆሜ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣
ሦስቱንም ጨመርኩላቸው።
ተቆጥተው እንደሆን አላውቅም።

በአርባኛው ቀን ሐሴት መጣች፣
ዓሣ ዓሣ የሚሸት መጽሐፍ ቅዱስ በፌስታል ይዛ።
"ለመምህሩ ስጪ ብለው ነበር" አለች።
(ብለው። ስንት ሆነው?)
የመጀመሪያው ቅጠል ላይ፣ ከ"እንፍጠር" ጎን፣
መረብ በለመደ እጅ በተጣመመ ፊደል፣
በእርሳስ፦
"ከማን ጋር? መምህሩን ጠይቅ።"
እርሳሱ ደብዝዟል፤ የቆየ ነው፣
ምናልባት ከዋርካውም ጥላ በፊት፣
ምናልባት ያን ጊዜ ገና ሌላ መምህር ነበር በልቡ።
ደግሞ ምናልባት እኔ ነበርኩ፤
እየጠየቀኝ ኖሮ ይሆናል በየእሑዱ፣
እኔ ሙግት መስሎኝ ስረታ።

የኔው መጽሐፍ ከቤት ነው፣ ከቁም ሣጥኑ ላይ።
ዘዳግም ስድስት፣ "አንድ" ከሚለው ቃል ሥር
በመምህርነቴ ጊዜ ያሰመርኩት መስመር አለ፣
በቀይ፣ ስሕተት እንደማርምበት በዚያው ቀለም፤
ከዳሩም ትንሽ የጥያቄ ምልክት።

አላሳየሁትም።
አላሳየኋቸውም።