አሥራ ስምንት ድንጋይ

የኅዳር ጢስ ሰሞን፣ ኮምቦልቻ ስትታጠን፣
የፈትል ክፍል ሹም፣ ሕንዱ ስሪዳራን፣
ምላጩን አኖረ፣ ጫማውን ሰቀለ፤
ሥጋ ቢያቀርቡለት «አርባ አንድ ቀን» አለ።
ከማቅለሚያ ክፍሉ ቁራጭ ጨርቅ ለመነ፣
ጥቁር አገልድሞ ግማሽ መናኝ ሆነ።
«ሰው ሞቶበት ይሆን?» አሉ ፈታዮቹ፤
«ዕዳ ነው» አለ አንዱ፤ «ፍቅር ነው» ሴቶቹ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ «ስዋሚ»፤
ዘበኛው ስዋሚ፣ ሹፌሩ ስዋሚ፣
የክበቡ ውሻ፣ እሱ እንኳ ስዋሚ።
እኔ ይማም ሐሰን፣ የማሽን ዘይት ቀቢ፣
ማዕረግ ጨመርኩ እንጂ አልጨመርኩም ገቢ።

አንድ ሌሊት ፈረቃ፣ ክር እየቋጠረ፣
በተሰባበረች አማርኛው ነገረ፦
«እኛ አገር ጫካ አለ፣ ዝሆን የሚያድርበት፤
ጫካው ውስጥ ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ ቤት፤
አሥራ ስምንት ደረጃ፣ ሳይጾሙ አይረግጡት።
እናቴ ተስላለች፣ ገና ሆዷ ሳለሁ፤
ዘንድሮ እሄዳለሁ፣ ከርሞ እሄዳለሁ፣
ስል ስል እዚህ ደረስኩ፤ ፈቃድም አጣሁ።»
ጎሕ ሲቀድ በመስኮት ጣቱን ቀሰረና፣
«ያስ?» አለኝ። «የጎፍ» አልኩ፤ ሌላ መች አልኩና!

ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ አዛን ሳይጨረስ፣
ደጄ ቆሞ አገኘሁት፣ በጤዛ ሲርስ፣
በባዶ እግሩ ሆኖ፣ በራሱ ላይ ጥቅል፣
ኮኮናት ቢያጣ ቅቤ የሞላው ቅል
(ባቲ ሰኞ ገበያ ተከራክሮ የገዛው)።
«ጌታው ዘንድ ከመውጣት ይቀድማል ወዳጁ፤
ወዳጁ እስላም ነበር፣ መስጊድ አለ ደጁ፤
ቁንዶ በርበሬ ነው የሚሰጡት በእጁ።
እዚህ» አለ፣ «ይማም፣ የማውቀው አንተን ነው።»
እፍኙን ዘረጋ። ምን እንደምለው
ጠፋኝ። ተቀበልኩት፤ ኪሴ ጨመርኩት፤
ጫማዬን ላጠልቅ ስል አፈርኩና ተውኩት።

ወጣን። ኮረት ነው፣ እሾህ ነው መንገዱ፤
እሱ ዜማ ሲያወርድ፣ «ወይ እግሬን!» አለ ጓዱ።
ከጥዱ መካከል የደን ጠባቂ ወጣ፤
«ምን ልትቆርጡ ነው?» አለ፣ ዱላ ይዞ መጣ።
ምን ብዬ ላስረዳው?
«ስለት ነው» ብለው፣ ዱላው ዝቅ አለ፤
«እኔም» አለ ቀስ ብሎ፣ «ለግሸን ያልኩት አለ፣
ሦስት ዓመቱ ዛሬ።» ሞላልኝ ይባላል። ቀደመን፣ ቅርንጫፍ አገለለ።

አናቱ ላይ ቤት የለም። ጉምና ጦጣ ብቻ።
በታች፣ እንደ ተጣለ ቁራጭ ጨርቅ፣ ኮምቦልቻ።
ድንጋይ መደርደር ያዘ፤ እኛም አገዝነው፤
አሥራ ሰባት ሞላ፤ አንዱን ብናጣው፣
ሞላልኝ የሚቀመጥበትን አመጣው።

ረገጣቸው፣ አንድ በአንድ። ቅቤውን አፈሰሰ።
እሱ አላለቀሰም። ሞላልኝ አለቀሰ።
«ላይኛው ላይ ምን አየህ?» አልኩት ስንወርድ።
«ምንም» አለኝ። «ብርድ።»

ቁንዶው ኪሴ ውስጥ ቀረ፤ ረስቼው ነበር።
መሬም ልታጥብ ስትል ረገፈ እንደ ጠጠር፤
ለቅማ ወቅጣው ኖሯል፣ ከድንች ወጡ ጋር።
«ከየት ነው?» አለችኝ፣ «ያቃጥላል፣ ግን ደግ ነው።»
መልስ አልሰጠኋትም፤ አፌ ጎርሶ ነው።

ውሉ አለቀና ሄደ፣ ስሪዳራን በጥር።
አሁንም በዚያ ሳልፍ ድንጋዮቹን ብቆጥር፣
አሥራ ስምንት ናቸው።
ሞላልኝ ቆሞ ነው የሚጠብቅ።