ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ፊኒክስ

ገና ሳይነጋ አስፋልቱ ይተነፍሳል፤
የትናንት ፀሐይ ከሥሩ አልወጣችም።
ሐምሌ እዚህ ክረምት አይደለም፣ ምድጃ ነው።
ሦስት በር አንኳኳለሁ፣ ሦስት ሰው እጭናለሁ፣
ደማቸው ወደሚታጠብበት።

መጀመሪያ ሚስተር ክሊቭላንድ፤
አንድ እግራቸው የራሳቸው፣ ሌላው የፋብሪካ፤
«ጫማ ስገዛ ግን ግማሽ ዋጋ አይሉኝም» ብለው ይስቃሉ፣
ሲወጡም ሲወርዱም ያችኑ ቀልድ።

ቀጥሎ ዶን ኤላዲዮ፣ ጣራ ሠሪ ነበሩ፤
ኢንሱሊኑን ለወር ላዳርስ ብለው ሲቆጥቡ፣ ሲቆጥቡ
ወሩ ሳያልቅ ዓይናቸው አለቀ።
«ምልክቱ ምን ይላል?» ይሉኛል በየመብራቱ፤
አነብላቸዋለሁ፤
መታጠፊያውን ግን ከእኔ ቀድመው ያውቁታል።

ሎርና አንቶን መጨረሻ ናት።
የወንዝ ሰዎች ነበር የወገኖቿ ስም፤
ድልድዩን ስናልፍ በጣቷ ታሳየኛለች፦
አሸዋ።
«ውሃውን ከላይ ያዙት፣ ባቄላችን ደረቀ፤
ዱቄት በጆንያ ሰጡን፣ ስብና ስኳር ሰጡን፤
ዘመን ቆጥረው መጡና
ምን ስትበሉ ታመማችሁ? አሉን።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ይባላል በእኛ።
እነዚህ መች ደበቁ?
በየመስኮቱ ቆመው ተናገሩ፣
ቅጽ ሞሉ፣ ሰልፍ ያዙ፣ ጣታቸውን ሰጡ፣
ዘራቸውን ከሚጠይቀው ሳጥን ምልክት አኖሩ፤
መድኃኒቱ ግን ሰፈራቸውን ሲያይ
ከመንገድ ተመለሰ።

የደበቅሁስ እኔ ነኝ።
ከመቀመጫዬ ሥር፣ በበረዶ ላስቲክ ተጠቅልላ
አንዲት ብልቃጥ አለች፤
ኢንሹራንሱ እስኪጀምር፣ ዘጠና ቀን፣
በግማሽ መርፌ የማባብላት።
ስሙን ስኳር ያለው ማን ይሆን?
ቀምሶት አያውቅም።

ዛሬ ሎርና ከፊት ተቀመጠች።
መሪውን የያዘ እጄን አየችው፣
ወንፊት የመሰለውን የጣቶቼን ጫፍ።
አልጠየቀችኝም።
የራሷን ጣት አምጥታ
ከጣቴ አጠገብ አሳረፈችው፣
ነጥብ ከነጥብ ጎን።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ጡሩምባ ጮኸ።
ሚስተር ክሊቭላንድ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤
ዶን ኤላዲዮ አንገታቸውን ቀና አድርገው
«ምልክቱ ምን ይላል?» አሉኝ።

ቶሎ አልመለስኩላቸውም።