ቁጥር አሥራ አንድ

ሐዋሳ፣ ከታቦር ግርጌ፣ ከትምህርት ቤታችን ጓሮ፣
ያምና የሲሚንቶ መጋዘን፣ የኮምፒውተር ክፍል ዘንድሮ።
ቆርቆሮው ላይ አባ ኮዳ ጫማ እንዳጠለቀ ሰው ሲሄድ፣
ከሥሩ አሥራ ሁለት ማሽን፤ አንደኛው የሚወገድ።

ስክሪኑ ጠቁሮ ቀርቷል። አቶ ሽብሩ የንብረቱ
በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ለጥፎበታል ከፊቱ፦
«ቁጥር አሥራ አንድ። ይወገድ።»
ቅዳሜ መኪና ሲመጣ ይጫናል ከነገመዱ፤
እግር የጎደላቸው ወንበሮችም አብረውት ሊሄዱ።

ሰኞ ምንታምር መጣች። በነጭ በትሯ ደፉን ነክታ፣
ከበር እስከ ግድግዳ ርምጃዋን ቆጥራ፣ ለክታ፣
«የመስኮቱ ዳር ለሌላ፤ ብርሃን ለሚሻ ይሁን፤
ማንም የማይቀመጥበት የቱ ነው? ስጡኝ እሱን።»
«ስክሪኑ ሞቷል» አልኳት። ካልኩ በኋላ አፌን ያዝኩኝ።
«እና ላየው ነበር?» ብላ ሳቀች፤ አፍሬ እኔም ሳቅኩኝ።

ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ዞረ። ቆመ።
«መምህር፣
እዚህች ላይ አንዲት ጭረት፣ እዚያችም ላይ አንዲት ጭረት፤
ቆሻሻ ነው የደረቀ? ወይስ ሰው አስቦ የሠራት?»
ጎንበስ አልኩ። ኤፍ እና ጄ። የጤፍ ቅንጣት ያህል ጉብታ።
አሥራ ሦስት ዓመት ስተይብ፣ በጠዋት፣ በቀትር፣ በማታ፣
ጣቴ ሲረግጣት ኖሯል፤ ዓይኔ ግን አላያትም፤
አይቷትም ከሆነ ንቋት፣ «ምንሽ ነው?» አላላትም።
«የእጅሽ ደጃፍ ናት» አልኳት፤ «ከዚህ ውጪ፣ ወደዚህ ግቢ፤
መንገድ የጠፋሽ ለት ደግሞ፣ እሷን ዳስሰሽ ቤትሽን አስቢ።»

አንባቢው ድምፅ ባዕድ ነው፤ ፊደል አፉ ውስጥ ይሰበራል፤
ስሟን ሲደርስ ይደናቀፋል፣ «ሚን፣ ታሜር» ብሎ ይጠራል።
«ምንታምር!» ትለዋለች፣ እንደ ታናሽ ወንድም ቆጥታ።
ይደግመዋል። ይሳሳታል። ትተወዋለች፣ ሳትረታ።

ካያሞ አንድ እጅ ነው ያለው። ሁለት ቁልፍ ባንዴ ሲባል
አንዱን ባገጩ ይጫናል፤ ላቡ ጠረጴዛውን ያርሳል።
ከማስተካከያው ገብቼ አንድ ነገር ከፈትኩለት፦
«አንዱን ተጫን፣ እጅህን አንሳ፤ ማሽኑ ይጠብቅሃል።
ከዚያ ሌላውን።»
ዝም ብሎ ቆየ።
«ይጠብቀኛል?» አለ። «ባጃጅ እንኳ የማይጠብቀኝን?»

ዘነቡ ደግሞ አትሰማም። ሁለት ዓመት ባንድ ዴስክ ላይ
ክንዷ ከምንታምር ክንድ ሲነካካ፣ ሳይተዋወቁ፣ ሳይ…
እንዴት ልበለው? የአንዷ ወሬ በእጇ ነው፤ ያቺ አታይላት፤
የሌላዋ ወሬ በአፏ ነው፤ ይቺ አትሰማላት።

ሐሙስ ፍላሽ ሰጠኋቸው፣ ፋይል ማስቀመጥ ላስተምር፤
ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ደመወዜን ሳሰላ ነበር።
ምንታምር ጻፈች፣ ነቀለች፣ ወደ ጎን ዘረጋች እጇን፤
ዘነቡ ሰክታ ከፈተች፤ አነበበች መሥመሯን፣ ያቺን አንዷን፦

«የሙዝ ማስቲካ ይሸተኛል። ሁልጊዜ። ለእኔስ?»

ዘነቡ ሳቀች። ሳቋ ወፍራም ነው፣ ልክ የለውም፤
ክፍሉ በሙሉ ሲዞር እሷ አንገቷንም አልሰበረችም።
ጻፈች፣ ነቀለች፣ መለሰች። ያ ባዕድ ድምፅ
በኮልታፋ አማርኛው ቆራርጦ አነበበ፦
«ሁለት። ዓመት። ሙሉ። ስሸሽግሽ!»

ቅዳሜ አቶ ሽብሩ መጣ፤ መዝገቡ ከብብቱ ሥር፤
ወንበሮቹ ተጭነው አልቀው የቀረው አንድ ማሽን ነበር።
ጥቁሩን ስክሪን አየ። ከጥቁሩ ውስጥ ድምፅ ሰማ።
ምንታምር አልዞረችም፤ ታኝካለች፣ ትተይባለች።
መዝገቡን ገለጠ። ዓምዱ ሁለት ነው፦
የሚሠራ። የማይሠራ።
እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ።
«መምህር፣ ይሄን የት ልጻፈው?» አለ፣ ዝቅ ብሎ፣ እንዳፈረ።
ደጅ ጥሩምባ ተነፋ። አባ ኮዳው ከቆርቆሮው በረረ።

«ዓምድ መጨመር እኮ» አለ ካያሞ፣ ከስክሪኑ ቀና ሳይል፣
«ትናንት ተምረናል።»