ሰዓት ጠሪው

ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ በጣቢያችን የኋላ ጓዳ፣
ማራገቢያው ሙቀቱን ይዞ ሲዞር ከግድግዳ ግድግዳ፣
ሠላሳ ዓመት የበየድኩት፣ በጥርሴ የላጥኩት ሽቦ
ጥግ ተጥሏል ተጠቅልሎ፣ የእባብ ቆዳ መስሎ፣ ተደራርቦ።
በእሱ ፈንታ አንዲት ቀጭን ሰማያዊ ገመድ ገባች።
"ጋሽ አምዴ፣ ስድሳ አራት ድምፅ በዚህች ብቻ ያልፋል" አለች
ፈርዶሳ፣ የሳቢያን ልጅ፤ ሳቄን አይታ ሳቀች።
"አቦ ተይ!" አልኳት። "ይሄ በር ለሁለት ሰው እየጠበበ፣
ስድሳ አራት ሰው በመርፌ ቀዳዳ... ማን ነው ይህን ያሰበ?"

ተቀምጠን ጫፍ አበጀን። ስምንት ፀጉር፣ ስምንት ቀለም፦
ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ... ዓይኔ የለም፤
ሰማያዊው ካረንጓዴው ተምታታብኝ፣ ቆረጥን እንደገና።
በሦስተኛው መፈተሻዋ ስምንቱንም አበራችና
"ነፍስ ዘራ" አለች።
                          ከዚያ ቀጠለች ወደ አድራሻ፤
ለያንዳንዱ ዕቃ አራት ቁጥር፣ በነጥብ የተለየ ድርሻ።
እኔ አድራሻ የማውቀው እንዲህ ነው፦ ቀፊራ ትደርሳለህ፣
ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብለህ ሰማያዊ በር ታገኛለህ፣
"የዩስራ እናት ቤት የት ነው?" ብትል ሕፃኑም ይነግርሃል።
ማሽን ግን ሰው አይጠይቅም፤ ቁጥሩን ካጣ ቆሞ ይቀራል።
ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ፣ አንዱን ስትጠራው በክብር
ሁለቱም አቤት ይሉና ይሆናል የጨረባ ተዝካር።

ያን ለይተን ማይኩን ከፈትን። ሂቦ ገባች፣ ወንበር ስባ፣
በሶማሊኛ ቆጠረችልን፦ ኮው፣ ላባ፤ እንደገና ኮው፣ ላባ።
ድምፅዋ መጣ ጥርት ብሎ፤ ከዚያ ጠቅ አለ፣ ሳይጠበቅ፤
ቆሎ መሀል ጠጠር እንዳገኘ ጥርስ፤ ቆየና ደግሞ ጠቅ።

ፈርዶሳ ስክሪኑ ላይ አቀረቀረች። እንዲህ ነው ነገሩ፦
ድምፅ በዚህ መንገድ ሲሄድ ይበተናል በየቁጥሩ፣
እንደ ጤፍ ፍሬ ተቆጥሮ ወዲያ ማዶ ይለቀማል፤
በታኙና ለቃሚው ባንድ ሰዓት ካልሄዱ ቃሉ ይፈርሳል።
አንዱ ዕቃ ሰዓት ጠሪ ነው፤ የቀሩት ይከተላሉ።
የኛዎቹ ግን ሁለት ሆነው "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ይላሉ።
አንደኛው አዲሱ ሚክሰር። ሁለተኛው ያ ጎራዳ፣
"አይጣልም" ብዬ ካለቃው የተላፋሁለት ሳጥን፣ የኔው ዕዳ።
ታዲያ ለምን አልተስማሙም? ስዊቹ ነው፤ መብራት ለመቆጠብ
በየመሀሉ ይወዳል፣ እንደ ድሬ ሰው በስምንት ሰዓት፣ ማሸለብ፤
ሽርጡን አገልድሞ፣ ሱቁን ገርበብ አድርጎ፣ በዝግታ፤
የአንዱ መልእክት ደጅ ሲጠና ሌላው ይሆናል የራሱ ጌታ።

"እንቅልፉን አጠፋሁበት" አለች። "አሁን ይምረጡ፤ ማን ይምራ?"
ያ ሳጥን ጎርፍ በመጣ ሌሊት ብቻውን አድሮ የሠራ
ነው። አቧራውን ጠረግኩለት በእጄ ጀርባ።
"እሱ ይከተል" አልኩ።
ፈርዶሳ ቀና ብላ ፊቴን አላየችም፤
ደግ ልጅ ናት። አንዲት ምልክት አነሳች፣ ሌላ አልተናገረችም።

አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዜና። ሂቦ፤ ከዚያ ጃፈር፣ በኦሮምኛ፤
ከዚያ ስንቅነሽ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ በአማርኛ።
ሦስቱም ባንዲት ገመድ። አንድም ጠቅ የለም።
ጆሮዬን ተክዬ ፈለግኩት የመዳቡን ጉምጉምታ፣
ያን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመሰለኝን ዝምታ።
የለም። ለካ ዝምታ እንዲህ ባዶ ነው።

ማታ ያን የእባብ ቆዳ ይዤ በባጃጅ ገባሁ ገንደ ቆሬ፣
ከምሰሶ ምሰሶ ወጠርኩት፤ ሸሚዜ ተሰጥቶበታል ዛሬ።
ነፋስ ከደቻቱ አሸዋ ሲነሳ ትንሽ ያጉመተምታል።
"ልብሱ ደርቋል፣ አንሳው እንጂ!" ትላለች ሚስቴ።
"ቆይ፣ ትንሽ ይቀረዋል።"