ሰባተኛው መብራት

አርባ ዓመት ባሕር ላይ፣ መረብ ሲጥል ኖሮ፣
ኡሺዮ ዋና አያውቅም፤ አላየውም ሞክሮ።
«ዋና የቻለ ሰው፣ ሞቱ ይረዝማል»
ይላል የአባቱ ቃል፤ ወደቡም ይስማማል።

በስድሳ ሦስት ዓመቱ፣ ጡረታ ሲወጣ፣
የቡሬላን ወደብ ትቶ፣ ዋና ገንዳው መጣ፤
የጎማ ቆብ ደፍቶ (ገመድ የበላው ነው ክንዱ)
ከስድስት ዓመት ልጆች ተሰልፎ እንደ አንዱ።

ሳቤላ መምህርቷ፣ የሃያ ዓመት ልጅ፣
ማጅራቱን ይዛ፣ ደግፋ በአንድ እጅ፣
«ልቀቀው» አለችው። «ምኑን?» አላት ደንግጦ።
«የያዝከውን ሁሉ።» አየ መዳፉን ገልጦ፤
ባዶ ነበር።
የጥፍሩ ምልክት ብቻ።

ሰጠመ። ክሎሪኑ ባፍንጫው ገባና
አስነጠሰው። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን ቀረበችና፦
«አያቴ፣ የጣራውን መብራት ቁጠር፤ ሰባት ላይ
ውሃው ራሱ ይይዝሃል፤ ወደ ታች አትይ።»

አንድ። ሁለት። ሦስት። ጆሮው ውሃ ሞላ፤
አራት ላይ እጆቹን ፈታ፤ ወገቡም ላላ።
አምስት።
ስድስት ላይ፣ ከነመረቡ የወደቀው ወንድሙ ትዝ አለው።
ሰባተኛው መብራት ተቃጥሏል፤ አይበራም።
ቢሆንም ቆጠረው።