ከድምፅ በፊት

አፉላ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣
ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ስፖንጅ የለበሰች፣ ጫጫታ የማታስገባ
ጠባብ ክፍል አለች። ስንዝር ነው የበሯ ውፍረት።
እዚያ ነው የምውለው፤ ይኸው ስድስተኛ ዓመት።

ዶክተር ያርዴና መሣሪያ ትሠራለች፣
እኔ ጆሮ አቀርባለሁ፣ እሷ መስመር ታነባለች።
መቶ አርባ ጤናማ ጆሮ መዘገብን በዝርዝር፤
የነርስ፣ የተማሪ፣ የኔም፣ የአንድ የአውቶቡስ ሹፌር።

አባ ቢያድግልኝ የመጡት በመጋቢት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
የጉዳት ኮሚቴ ደብዳቤ ይዘው፣ ከልጅ ልጃቸው ጋራ።
ሠላሳ ዓመት ብረታ ብረት ፋብሪካ፤ ከዚያ በፊት ወናፍ፣
ከወገራ በታች፣ ጉጠትና መስፍ።
«ድምፅ ሲኖርም ይጫናል፣ ሳይኖርም ይጫናል» ይላል ደብዳቤው፤
«የሚያስመስል ይመስላል።» ማኅተም አለው ግርጌው።

ቁልፉን አስጨበጥኳቸው። «ድምፅ ሲሰሙ ይጫኑ።»
ልኬም ተጫኑ፤ ሳልልክም ተጫኑ።
ለካ በመስተዋቱ ፊቴን ነበር የሚያዳምጡት፤
ቅንድቤ ከፍ ሲል ጣታቸው ይወርዳል፣ በጨዋነት።
«አባ፣ አልሰሙም እኮ!»
«ልጄ፣ ስትጠብቂ አየሁሽ፤
እንዲያ እየጠበቅሽ፣ እንዴት ላሳፍርሽ?»

ሰው እንዲህ ነው፤ በክፋት ይዋሻል፣ ይዋሻል በፍቅር፤
ያችን ጡንቻ ግን ማን አስተማራት ይሉኝታና ክብር?
ከጡንቻ ሁሉ ታናሽ፣ እንደ ስንዴ ቅንጣት፣
ከታምቡሩ ጓሮ፣ አጥንት ውስጥ ነው ያላት ቤት።
ድምፅ ሲበረታ እርካቡን ሳብ ታደርጋለች፤
እሺም አትል፣ እምቢም አትል፣ ትኮማተራለች።

«ውስጡ ምን አለ?» አሉኝ። «መዶሻና መስፍ፣ እርካብም ከጎን።»
ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ወይ ጉድ! ይህም አለልን?
በመስፍ ምክንያት አይደል ቡዳ ሲለን የኖረው፤
ለካ ሰው ሁሉ ቀጥቃጭ ነው፣ መስፍ አለ በየጆሮው!»

መሰኪያውን አስገባሁ። «አሁን አይጫኑ፣ አይመልሱ።»
እጃቸው ሥራ ቢፈታ የኮታቸውን ጫፍ ዳሰሱ።
ሰማንያ አምስት፤ ጠፍጣፋ፣ እንደ ኢይዝራኤል ሜዳ።
ዘጠና፤ ያው ነው። ዘጠና አምስት፤
መስመሩ ዝቅ አለ፣ በር እንዳጠረበት እንግዳ።
ቀኙ መለሰ። ማንም ሳይጠይቀው መለሰ።
ግራው እስከ መቶ አምስት፣ የፀጉር ያህል እንኳ አልተንቀሳቀሰ።

ዝምታ ብቻውን ምስክር አይደለም፤ ይህን ነው የተማርኩት።
ነርቭ ይሆናል፣ የደነደነ እርካብ፣ ፈሳሽ ያቆረ ጆሮ፣
ወይ እኔው ራሴ መሰኪያውን አጥብቄ ያልወተፍኩት።
ያርዴና ለዚህ ነው ሌሊቱን የምታመሸው፤
«ዓይን ያደላል፤ መስመሩ በቁጥር ይዳኝ» የምትለው።
ስንቴ ቢደገም፣ ስንት ዝቅታ ቢቆጠር ነው
«አዎ» የሚባለው?

ማታ ወረቀቱን ዘረጋን። በቀኙ፣ በሰባተኛው ሙከራ፣
አንድ ዝቅታ አለ፣ ምንም ድምፅ ያልተላከበት ስፍራ።
«ስህተት ነው፤ ሰርዥው» አለች ያርዴና፣ መነጽሯን እየጠረገች።

ሰዓቱን አየሁ። አስታወስኩ። ስህተት አልነበረም።
ያች ጡንቻ የገዛ አንደበታችንንም አታምንም፤
ሰው ሊናገር ሲል፣ ቃሉ ከንፈሩን ሳይነካ፣
ቀድማ እርካቡን ትይዛለች፤ ታውቅ ኖሯል ለካ።
ዝም እንዲሉ ነግሬያቸው ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ዝም ብለዋል።
ግን ከዚያች ዝቅታ ቀጥሎ፣ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ፣
በመስተዋቱ ቀና ብለው አዩኝና
«ልጄ፣ ደከመሽ መሰለኝ» አሉ።

ለኮሚቴው የሁለቱንም ጆሮ ውጤት ላክነው።
ሰባተኛውን ሰረዝነው።
ቅጂው መሳቢያዬ ውስጥ ነው።